የካሳ ገንዘብ ዘር ነው
ስለ ሥራ መነሻ ገንዘብ ለገበሬዎች የተዘጋጀ ትምህርት

የዚህ ትምህርት ዓላማ፣ በአቃቂ ቃሊቲና በአካባቢው የሚኖሩ ገበሬዎች አነስተኛ ሥራ ሲጀምሩ የመነሻውን ገንዘብ ከየት እንደሚያገኙ፣ ካገኙም በኋላ እንዴት እንደሚያስሉት፣ ደግሞም ለብቻቸው ወይም በማኅበር ሆነው እንዴት እንደሚሠሩበት ማስረዳት ነው።

ማናቸውም ገበሬ አዝመራውን ወቅቶ ወደ ቤቱ ባስገባ ጊዜ ለመጪው ዓመት የሚዘራውን ለይቶ ለብቻው ያስቀምጣል። ክረምቱ ቢከፋና ጎተራው ቢራቆት እንኳ ያን ዘር ላለመንካት ይታገላል፤ ዘሩን የበላ ሰው የመጪውን ዓመት እንጀራ እንደ በላ ያውቃልና። ይህን ጥበብ ማንም ሳያስተምረው በእህል የሚሠራበት ገበሬ ግን፣ ብዙ ገንዘብ በአንድ ጊዜ እጁ ሲገባ ይዘነጋዋል። ትምህርታችን የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው።

፩ኛ፤ የካሳ ገንዘብ ምን እንደሆነ ማወቅ

ከተማው ወደ ደቡብ እየሰፋ በሄደ ቁጥር በቱሉ ዲምቱና በቂሊንጦ ጤፍ፣ ስንዴና ሽምብራ ይበቅልበት የነበረው የመረሬ መሬት የጋራ መኖሪያ ቤትና የፋብሪካ ቦታ ሆኗል። መሬቱን የለቀቀው ገበሬም ካሳ ተቀብሏል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455፣ መሬቱን ለዘለቄታው ለለቀቀ ገበሬ የሚከፈለውን የማፈናቀያ ካሳ የወሰነው ያለፉትን አምስት ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢ በአሥር አባዝቶ ነበር። ይህ አዋጅ ኋላ በሌላ አዋጅ ተተክቷል። ሆኖም ስሌቱ አንድ ትልቅ ነገር ያስተምረናል፤ ይኸውም ገበሬው በአንድ ቀን የተቀበለው ገንዘብ የአሥር ዓመት አዝመራ መሆኑን ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። የአሥር ዓመት አዝመራ በሁለት ዓመት ካለቀ፣ የቀሩትን ስምንት ዓመታት ቤተሰቡ በምን ይኖራል? ከዚያስ ወዲያ? ቤት መሥራትና ልጅ መዳር የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን አስቀድሞ ዘሩን መለየት ይገባል። ስለዚህ ገንዘቡን ገና ሳትነኩት ከሦስት ክፈሉት፤ አንደኛው ለቤትና ለኑሮ፣ ሁለተኛው ለሥራ መነሻ፣ ሦስተኛው ለክፉ ቀን በባንክ የሚቀመጥ ይሁን። የሁለተኛውና የሦስተኛው ክፍል መጠን፣ ባልና ሚስት አዋቂ ከሆኑት ልጆቻቸው ጋር ተማክረው የሚወስኑት ነው።

፪ኛ፤ ሥራውን መምረጥ

ጎረቤት ያተረፈበት ሥራ ሁሉ ለእናንተ ያተርፋል ማለት አይደለም። ሥራ ከመምረጥ በፊት ገዢው ማን እንደሆነ፣ መኖውና ውኃው ከየት እንደሚገኝ፣ ሥራውንም በቤት ውስጥ ማን እንደሚያውቀው መጠየቅ ያስፈልጋል።

ስለ አትክልት አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። የአቃቂ ወንዝ በከተማ ፍሳሽና በፋብሪካ ዝቃጭ የተበከለ መሆኑ በልዩ ልዩ ጥናቶች ታውቋል። በዚህ ውኃ እንደ ሰላጣ ያለ ጥሬውን የሚበላ ቅጠል ማምረት ለበላተኛው ጤና አደገኛ ስለሆነ ንጹሕ የጉድጓድ ውኃ የሌለው ሰው ሌላ ሥራ ቢመርጥ ይሻላል።

የወተት ላም ማርባት ለአካባቢያችን ከሚስማሙት ሥራዎች አንዱ ነው። ወተት ገዢው የከተማ ሰው ቅርብ ነው፤ ፉርሽካና ፋጉሎ ከገበያ ይገኛል፤ ከቢራ ፋብሪካ የሚወጣው አተላም ለላሞች ጥሩ መኖ ነው። ስለዚህ የሒሳቡን ትምህርት በወተት ላም እንሰጣለን።

፫ኛ፤ ትርፍን በዓመት እንጂ በቀን አለመቁጠር

ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ለመለማመጃ ብቻ የተመረጡ ናቸው፤ እናንተ በቦታቸው የገበያችሁን ዋጋ አግቡባቸው።

አንዲት የተዳቀለች ላም በቀን 10 ሊትር ትታለባለች እንበል። የሊትሩ ዋጋ 60 ብር ቢሆን የቀኑ ገቢ 600 ብር ነው። መኖ 350 ብር፣ መድኃኒትና ሌላው ወጪ 50 ብር ቢሆን በቀን 200 ብር ይተርፋል። ይህን ያየ ሰው «በወር 6,000፣ በዓመት 72,000 ብር አገኛለሁ» ብሎ ይደሰታል። ስሌቱ ግን ስሕተት ነው፤ ምክንያቱም ሁለት ናቸው።

አንደኛው ምክንያት፣ ላም ዓመቱን ሙሉ አትታለብም። ከመውለዷ በፊት ሁለት ወር ያህል ማረፍና መድረቅ አለባት፤ በዚያ ጊዜ ወተት ባትሰጥም መብላቷ አይቀርም። ሁለተኛው ምክንያት ጾም ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ውስጥ የወተት ፈላጊ ይቀንሳል፤ ዋጋውም ይወርዳል። ስለዚህ የዓመቱ ሒሳብ እንዲህ ይሆናል፦

የ300 ቀን ወተት ሽያጭ ........ 180,000 ብር
በጾም 55 ቀን ዋጋው በግማሽ ሲወርድ የሚቀነስ ........ 16,500 ብር
ቀሪ ገቢ ........ 163,500 ብር
የ300 ቀን መኖ ........ 105,000 ብር
ደርቃ የምትቆይበት የ65 ቀን መኖ፣ በቀን 200 ብር ........ 13,000 ብር
የዓመቱ ሌላ ወጪ ........ 18,250 ብር
ጠቅላላ ወጪ ........ 136,250 ብር
የዓመቱ ትርፍ ........ 27,250 ብር

በ72,000ና በ27,250 ብር መካከል ያለውን ልዩነት ተመልከቱ። በወር 3,000 ብር እከፍላለሁ ብሎ የተበደረ ሰው በዓመት 36,000 ብር ይፈለግበታል። በመጀመሪያው ስሌት ዕዳው የትርፉ ግማሽ ይመስላል፤ በእውነተኛው ስሌት ግን ከትርፉ ይበልጣል። እንዲህ ያለው ሰው ዕዳውን ለመክፈል ላሟን መሸጡ አይቀርም። ስንፍና አይደለም የጣለው፤ የቀን መቁጠሪያውን ሳያይ መበደሩ ነው።

ለዚህ ችግር የእርሻ ትምህርት አንድ መላ አለው። የላም እርግዝና 280 ቀን ያህል ነው። ላሟ በሐምሌ አጋማሽ አካባቢ ብትጠቃ ወይም በሰው ሠራሽ ዘዴ ብትዳቀል በሚያዝያ ትወልዳለች። እንግዲያውስ ደርቃ የምታርፍበት ጊዜ አብዛኛው በዐቢይ ጾም ላይ ያርፋል፤ ወተቷም የሚመጣው ሰው ሁሉ ወተትና ቅቤ በሚፈልግበት በፋሲካ ሰሞን ይሆናል። የጾሙ ኪሳራ በሙሉ ከቀረ ትርፉ ወደ 43,750 ብር ከፍ ይላል። የፋሲካ ቀን በየዓመቱ ስለሚለዋወጥ ይህ መላ በአንዳንዱ ዓመት ይበልጥ፣ በአንዳንዱ ያነሰ ይጠቅማል።

፬ኛ፤ የመነሻ ገንዘብ ምንጮች

የመጀመሪያው ምንጭ የራስ ገንዘብ ነው። ወለድ የለበትም። ቢሆንም ሁሉን በአንድ ጊዜ በላም ላይ አታውሉ፤ ቢያንስ የሦስት ወር መኖ የሚገዛ ገንዘብ ይቀመጥ።

ሁለተኛው ዕቁብ ነው። ዕቁብም ወለድ የለውም፤ ነገር ግን ዕጣው መቼ እንደሚወጣ አይታወቅም። ስለዚህ የመኖ ማስቀመጫ ለመሥራት ወይም የወተት ዕቃ ለመግዛት ይመቻል እንጂ ቀኑ ለተቆረጠ ዕዳ መክፈያ እንዲሆን አትተማመኑበት።

ሦስተኛው የብድርና ቁጠባ ተቋም ነው። በከተማችን የአዲስ ብድርና ቁጠባ ተቋም ለአነስተኛ ሠራተኞች ሲያበድር ቆይቶ ኋላ ስኬት ባንክ ሆኗል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ደግሞ ቤትና ቦታ ብቻ ሳይሆን ከብትን የመሰለ ተንቀሳቃሽ ንብረትም ለብድር መያዣ እንዲሆን ፈቅዷል። ይህ ለገበሬው ጥሩ በር ነው፤ ግን ያስያዛችሁት ላም ብትታገት ቤተሰቡ ገቢውን ጭምር እንደሚያጣ አትርሱ።

ከመፈረማችሁ በፊት እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ጠይቁ። የመጀመሪያው ክፍያ መቼ ይጀምራል? እርጉዝ ጊደር የገዛ ሰው እስክትወልድ ድረስ ገቢ ስለሌለው የእፎይታ ጊዜ ያስፈልገዋል። ክፍያው በጾም ወራት ሊቀንስ ይችላልን? ወለዱ የሚታሰበው በመጀመሪያው ብድር ላይ ነው ወይስ በቀሪው ዕዳ ላይ? የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል አይምሰላችሁ። 60,000 ብር በዓመት 15 በመቶ ወለድ ለሁለት ዓመት ብትበደሩና ወለዱ እስከ መጨረሻው በ60,000 ላይ ቢታሰብ 18,000 ብር ትከፍላላችሁ። ዋናውን ብድር በየወሩ 2,500 ብር እየመለሳችሁ በቀሪው ዕዳ ላይ ብቻ ቢታሰብ ግን ወለዱ 9,375 ብር ነው። ስሙ ያው «15 በመቶ» ሆኖ ሳለ ልዩነቱ ግማሽ ያህል ነው።

፭ኛ፤ ለብቻ ወይስ በማኅበር?

አንድ ገበሬ ለብቻው የወተት ማቀዝቀዣ መግዛት አይችልም፤ ሠላሳ ሆነው ግን ይችላሉ። ከአቃቂ በድሮው የባቡር መስመር ወደ ምሥራቅ ስንወርድ በምናገኛት በቢሾፍቱ፣ የአድዓ የወተት ማኅበር በ1990 ዓ.ም. ገደማ ጥቂት ላም አርቢዎች ባዋጡት አነስተኛ ገንዘብ ተመሠረተ። ከአባላቱ ወተት እየሰበሰበ በመሸጥ፣ መኖም በማቅረብ ሲያድግ አባላቱ በመቶ የሚቆጠሩ ሆኑ።

«ኅብረት ሥራ» ሲባል ብዙ ሽማግሌዎች ቅር ይላቸዋል። መሬትና በሬ በግድ የተደባለቀበትን የደርግ ዘመን የአምራቾች ማኅበር ያስታውሳሉና። ያ ማኅበር በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ በታወጀ ጊዜ በየቦታው የፈረሰው አባላቱ ወደው የገቡበት ስላልነበረ ነው። የዛሬው የኅብረት ሥራ ማኅበር፣ በ2009 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 985 መሠረት፣ በፈቃድ የሚገቡበት ነው፤ ላማችሁ የእናንተው እንደሆነች ትኖራለች፤ ብዙ አክሲዮን ያለውም አንድ ያለውም እኩል አንድ ድምፅ ይሰጣል።

አንዳንዶች ትርፍ የማይከፋፈል የበጎ አድራጎት ድርጅት ማቋቋም ይፈልጋሉ። ይህ ሌላ መንገድ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 እንዲህ ያለው ድርጅት ገቢ የሚያስገኝ ሥራ እንዲሠራ ፈቅዷል፤ ትርፉ ግን ለተቋቋመበት ዓላማ ይውላል እንጂ መሥራቾቹ አይካፈሉትም። ስለዚህ ለቤታችሁ ገቢ የምትሹ ከሆነ ኅብረት ሥራን፣ ለወላጅ አልባ ሕፃናት ወይም ለአረጋውያን ልትረዱ ከሆነ በጎ አድራጎትን ምረጡ። ዕድርና ዕቁብ ከዚህ አዋጅ ውጭ ናቸው። የዕድር ገንዘብ የሐዘን ቀን ገንዘብ ስለሆነ ለንግድ አታውሉት።

፮ኛ፤ መዝገብ መያዝ

የተማረ ልጅ በቤት ካለ ደብተር ስጡት። በግራ ገጽ የገባውን፣ በቀኝ ገጽ የወጣውን በየማታው ይጻፍ። ለልጆች የተጠጣው ወተትም ይመዝገብ፤ እርሱም ዋጋ አለውና። በማኅበር ውስጥ ደግሞ ገንዘብ የሚይዘውና መዝገብ የሚጽፈው አንድ ሰው አይሁን። ይህ ሰውን መጠርጠር አይደለም፤ ታማኙን ሰው ከሐሜት ማዳን ነው።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. የተቀበላችሁት ካሳ የስንት ዓመት አዝመራችሁን ያህላል?
2. የአንዲት ላም የዓመት ትርፍ በአካባቢያችሁ ዋጋ ስንት ይሆናል? የምትደርቅበትን ጊዜና የጾምን ወራት ቀንሳችኋል?
3. ዕዳችሁ በየወሩ ስንት ነው? ገቢ በማይኖርበት ወር ከምን ይከፈላል?
4. የገንዘባችሁ ዘር የቱ ነው? ማንስ ይጠብቀዋል?

እነዚህን ጥያቄዎች ከቤተሰባችሁ ጋር ተቀምጣችሁ ሳትመልሱ ላም አትግዙ፤ ብድርም አትፈርሙ። መልሳችሁ ካልሞላ የወረዳችሁን የእርሻ ባለሙያ ጠይቁ፤ ሥራው ይህ ነውና።