ምን መሆን ትፈልጊያለሽ?

እትዬ ጡረታ የወጡ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናቸው። በጌዴኦ ዞን ወርቃ ላይ እንሰትና ቡና በተሰባጠረበት ጓሯቸው ይኖራሉ። ጠያቂዋ አሥረኛ ክፍል የጨረሰች የጎረቤት ልጅ ስትሆን መስከረም ላይ ተፈጥሮ ሳይንስ ወይም ማኅበራዊ ሳይንስ ብላ መምረጥ ይጠበቅባታል።

ልጅት፦ እትዬ፣ ላማክርዎት ነው የመጣሁት። ከልጅነቴ ጀምሮ ምን መሆን ትፈልጊያለሽ ስባል «ዶክተር» እላለሁ። አሁን ምርጫው ሲቀርብ ግን ለምን እንደምለው ለራሴም ጠፋኝ።

እትዬ፦ ደግ አደረግሽ። እኔም በየዓመቱ መጀመሪያ ተማሪዎቼን ይህንኑ እጠይቅ ነበር። መልሱ ዶክተር፣ ፓይለት፣ ኢንጂነር ነው። የእንስሳት ሐኪም እሆናለሁ ያለኝ ልጅ ትዝ አይለኝም፤ ላም ሞታባት ያለቀሰች እናት የሌለችው ግን ጥቂት ነበር። ቡና ቀማሽ እሆናለሁ ያለኝም የለም፤ ቡናው ሲቀላ ግን ግማሹ ክፍል ለለቀማ ከትምህርት ይቀርብኝ ነበር። ልጅ የሚመኘው ያየውን ነው። እዚህ የሚያየው መምህር፣ ነርስ፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ፣ ፖሊስና ሹፌር ነው። ከእነሱ ከፍ ያለ ነገር ሲያምረው በስም ብቻ የሰማውን ይጠራል።

ልጅት፦ ታዲያ ዶክተር ማለቴ ስህተት ነው?

እትዬ፦ በፍጹም። እኔ የምጠይቅሽ ሌላ ነው። ሐኪም ጠዋት ሲገባ መጀመሪያ ምን ይሠራል? ማታ ሲወጣ ምን አድክሞት ይወጣል?

ልጅት፦ በሽተኛ ያያል... ሌላውን አላውቅም።

እትዬ፦ ይኸው ነው ችግሩ። ያወቅሽው ጋወኑን ነው እንጂ ውሎውን አይደለም። ሐኪም ለመሆን ቢያንስ ስድስት ዓመት ትማሪያለሽ፤ ሌሊት አዳር አለ፤ የምታክሚው ሰው እጅሽ ላይ ሊሞት ይችላል። ድሮ መንግሥት የተመረቀውን ሐኪም ሁሉ ይመድብ ነበር። ዛሬ ተመርቀው ቅጥር የሚጠብቁ ሐኪሞች አሉ። በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ላይ የጤና ባለሙያዎች በደመወዛቸው ማነስ ምክንያት ሥራ እስከ ማቆም ደርሰዋል። ይህን የምነግርሽ ላስፈራሽ አይደለም። ይህን ሁሉ ሰምተሽ አሁንም ደስ ካለሽ ያ ምኞት የራስሽ ነው፤ በርቺበት እልሻለሁ።

ልጅት፦ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናውም አለ እኮ። ብዙ ሰው አያልፍም።

እትዬ፦ አዎ፣ ቁጥሩን አንደብቅም። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ተፈታኝ 3.3 በመቶ ነበር። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ። እየተሻሻለ ነው፤ ቢሆንም ከመቶ ተማሪ ከዘጠና በላይ የሚሆነው ያን ነጥብ አያገኝም። እነዚያ ሁሉ ሰነፎች አይደሉም። የመጽሐፍ እጥረት፣ የመምህር እጥረት ያለበት ትምህርት ቤት ተምረው የመጡ ናቸው። እኔን የሚቆጨኝ መውደቃቸው ብቻ አይደለም። ውጤቱ በወጣ ማግስት «አሁን ምን ላድርግ» ብሎ የሚያስብ አለመኖሩ ነው። ቤተሰቡም ልጁም ከዶክተር ሌላ አንድ ሙያ እንኳ ተነጋግረው አያውቁም። ማካካሻ ትምህርት አለ፤ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ አለ፤ ግን ልጁ እዚያ ሲሄድ እንደ ተቀጣ ሰው አንገቱን ደፍቶ ነው የሚሄደው። ኤሌክትሪክ የሚዘረጋ፣ የቡና መፈልፈያ ማሽን የሚጠግን ሰው በዚህ አገር ምን ያህል እንደሚፈለግ የነገረው የለም።

ልጅት፦ ዩኒቨርሲቲ የገቡትስ? የአክስቴ ልጅ ተመርቆ ቤት ነው ያለው።

እትዬ፦ ያንንም አይቻለሁ። አንድ ጊዜ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከሚገባው መቶ ተማሪ ሰባውን ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳውን ማኅበራዊ ሳይንስ ይግባ ብሎ ነበር። ሐሳቡ አገር ለመገንባት ነው። ውጤቱ ግን ኢንጂነሪንግን ሳይመርጡ ኢንጂነር የሆኑ ብዙ ልጆች ናቸው። ካስተማርኳቸው አንዱ ሲቪል ኢንጂነሪንግ ደርሶት ተመረቀ፤ ግንባታው ሲቀዘቅዝ ሥራ አጥቶ ወደዚህ ተመለሰ። አሁን ምን እንደሚሠራ ታውቂያለሽ?

ልጅት፦ ስልክ ይዞ በየጓሮው የሚዞረው?

እትዬ፦ እሱ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2015 ዓ.ም. አንድ ሕግ አጽድቋል፤ ቡና ሲገባ ደን ተጨፍጭፎ ያልተመረተ መሆኑን፣ የበቀለበትም ማሳ የት እንደሆነ ማስረጃ ይጠይቃል። ስለዚህ የእያንዳንዱ ገበሬ ማሳ በጂፒኤስ መለካት አለበት። ልጁ ቅየሳ ተምሯል፤ ጌዴኦኛም ያውቃል፤ ገበሬው ድንበሩን ሲያሳየው አይጠራጠረውም። ያ ሥራ እሱ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ በስምም አይታወቅም ነበር። አንቺም ስትመረቂ ዛሬ ያልተሰማ ሥራ ይጠብቅሽ ይሆናል። መለካት፣ መጻፍ፣ መቁጠር፣ ሰው ማነጋገር በደንብ ከቻልሽ ትደርሽበታለሽ።

ልጅት፦ አባቴ ግን እንዲያውም «ቡና እያለን ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል» ይላል።

እትዬ፦ አባትሽ ያለው ማሳ ለስንት ልጅ ይከፈላል?

ልጅት፦ ለአምስት።

እትዬ፦ ጌዴኦ ከአገሪቱ ሕዝብ እጅግ ከሚበዛባቸው ገጠሮች አንዱ ነው። መሬቱ ለአምስት ሲከፈል ለአንዱ የሚደርሰው ቤት መሥሪያና ጥቂት የእንሰት እግር ነው። ከቡናው ደግሞ ገንዘብ የሚገባው በዓመት አንድ ወቅት ነው። አባትሽ አንድ ነገር ግን እውነት ብሏል፤ ቡና ውስጥ ሥራ አለ። የሚሳሳተው ያ ሥራ ለቀማ ብቻ ነው ብሎ ማሰቡ ላይ ነው። መፈልፈያ ኢንዱስትሪው ስትሄጂ ምን አየሽ?

ልጅት፦ እሸት አስረክቤ ገንዘብ ተቀብዬ ነው የምመለሰው። ሴቶቹ ማድረቂያው አልጋ ላይ ሲለቅሙ አይቻለሁ።

እትዬ፦ ከዚያ ወዲያ ያለውን ልንገርሽ። እሸቱ ማታ ይገባል፤ በዚያው ሌሊት ካልተፈለፈለ ይበላሻል። ማሽኑን የሚያንቀሳቅስ መካኒክ አለ። ከተፈለፈለ በኋላ ገንዳ ውስጥ ይብላላል፤ ሰዓቱን የሚወስን ሰው አለ፤ ቀዝቃዛ ሌሊት ከሆነ ይረዝማል። ይታጠባል፤ ከዚያ አልጋ ላይ ይሰጣል። ፀሐይ ሲበረታ ማን ይሸፍነው? ሌሊት ጤዛ እንዳይነካው ማን ይጠብቀው? መቼ ነው ደረቀ የሚባለው? እርጥበቱ 11 ወይም 12 በመቶ ሲደርስ ነው፤ በመሣሪያ ይለካል። ቀድሞ ከተነሣ ይሻግታል፤ ከዘገየ ክብደቱም ጣዕሙም ይጎዳል። አንድ ሰው በዚህ ላይ ቢሳሳት የብዙ ገበሬ ልፋት ዋጋ ያጣል። ይህ ሙያ ነው፤ ኬሚስትሪ ነው፤ አንቺ ክፍል ውስጥ ለምን እንደምትማሪው ያልገባሽ ኬሚስትሪ።

ልጅት፦ ይሄን ማንም ነግሮኝ አያውቅም።

እትዬ፦ ገና ቅምሻው አለ። ከተማሪዎቼ አንዷ ቀማሽ ናት፤ አንድ ቀን ሥራ ቦታዋ ወሰደችኝ። ከአንድ ቡና አምስት ስኒ ይደረደራል። የተቆላው እንደኛ ቤት ጠቁሮ አይደለም፤ ፈዘዝ ያለ ነው፤ ዱቄቱም በጀበና አይፈላም፤ ስኒ ውስጥ እያለ ትኩስ ውኃ ይፈስበታል። ለአራት ደቂቃ ያህል ይቆያል፤ ላዩ ላይ ቅርፊት ይሠራል። ከዚያ ፊቷን ስኒው ላይ ደፍታ ቅርፊቱን በማንኪያ ስትሰብረው የሚወጣውን ሽታ ትስባለች። ሲበርድ ደግሞ በማንኪያ ይዛ በኃይል ፉት ትላለች፤ ድምፁ ክፍሉን ይሞላል፤ ትተፋዋለች። ከአምስቱ ስኒ አንዱ ብቻ ብልሽት ቢኖረው ታገኘዋለች። ከመቶ ነጥብ ትሰጣለች፤ 80 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ቡና በዓለም ገበያ ስፔሻሊቲ ይባላል። ያንን ቀን ቅመሽ ብላኝ ሞከርኩ፤ የሎሚ ሽታ አለው ስትል እኔም አገኘሁት፤ ይህ ሁሉ ዘመን የጠጣሁት ቡና ውስጥ ሎሚ እንዳለ አላስተዋልኩም ነበር።

ልጅት፦ ለዚህ ይከፈላታል?

እትዬ፦ ደመወዟ ነው። የምርት ገበያው ቅርንጫፍ ዲላ አለ፤ ቡና እዚያ ደረጃ ይወጣለታል። ዩኒየኖችና ላኪዎች ቀማሽ ይቀጥራሉ፤ የቡናና ሻይ ባለሥልጣንም እንዲሁ። ደግሞ ዘሩን ተመልከቺ። አባትሽ ኩሩሜንና ወሊሾን በቅጠሉ ይለያል አይደል? ከእነሱ ጎን ያለው 74110 የሚባለው ከየት የመጣ ይመስልሻል? በ1963 ዓ.ም. የቡና ፍሬ በሽታ ወደ አገራችን ገባ፤ ዛፉን አላዋቂ ቢያየው ጤነኛ ነው፤ ፍሬው ግን ጠቁሮ ይረግፋል። የጅማ ተመራማሪዎች በሽታውን የሚቋቋም ዛፍ ፍለጋ ጫካ ለጫካ ዞሩ። ያገኙትን በቁጥር መዘገቡ፤ 74 ማለት የፈረንጆቹ 1974 ነው። ዛሬ ጓሯችሁ ያለው የእነሱ ሥራ ነው። አሁን የሚያሳስበው የአየሩ ሙቀት መጨመር ነው፤ የሚመጣውንም ዘር አንድ ሰው መፈለግ አለበት።

ልጅት፦ እትዬ፣ እውነቱን ልንገርዎት? ቡና ደስ አይለኝም። ከልጅነቴ ጀምሮ ለቀማ ስለሆነ ሰለቸኝ። የምወደው የታሪክ መጽሐፍ ነው።

እትዬ፦ ጥሩ አድርገሽ ነገርሽኝ፤ ቀድመሽ ብትይኝ ይህን ሁሉ ባላወራሁ። ግን ለቀማ መሰልቸትና ቡና መጥላት አንድ አይደሉም፤ እሱን ለይተሽ አስቢበት። ታሪክ ከሆነ ደግሞ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር መስከረም 2016 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ጨልባ ቱቲቲና ቱቱ ፈላ ያሉትን ትክል ድንጋዮች የሚያጠና፣ ለእንግዳ የሚያስረዳ ሰው ያስፈልጋል። ግን አላታልልሽም፤ ዛሬ በዚህ የሚተዳደር ሰው ጥቂት ነው። በታሪክ ከገባሽ እንግሊዝኛሽን አጠንክሪ፤ መምህርነትንም አብረሽ አስቢ።

ልጅት፦ እርስዎ መምህርነትን መርጠው ነው?

እትዬ፦ አልመረጥኩም። የተመደብኩበት ነው። መጀመሪያ ላይ በየቀኑ ልተወው እል ነበር። ቆይቶ ፊደል እምቢ ያላቸውን ልጆች እንዴት እንደሚያዙ ሳውቅበት ወደድኩት። ስለዚህ «ፍቅር ያለበትን ሥራ ፈልጊ» የሚለውን ምክር እንዳለ አልሰጥሽም። አንዳንዱ ሥራ ሲችሉት ነው የሚወደደው። አንዳንዱ ደግሞ ቢችሉትም አይወደድም፤ ያንን ለማወቅ ቀርቦ ማየት ነው።

ልጅት፦ እንዴት ልቅረብ? ማን ያስጠጋኛል?

እትዬ፦ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ታውቂያታለሽ። ክትባት ቀን አብሬሽ ልዋል በያት፤ መዝገብ ያዢላት፣ ልጅ ያዢላት። ደም ስታዪ፣ ልጅ ሲያለቅስ ምን እንደሚሰማሽ ታውቂያለሽ። የኅብረት ሥራ ማኅበሩን የሒሳብ ሠራተኛም ጠይቂ፤ አባላቱ ማኅበሩን የሚያምኑት የእሱ መዝገብ ልክ ሲሆን ነው። የወርቃ ማኅበር ሰፊ ነበር፤ የባንኮ ጎቲቲ ማኅበር ከእሱ ተለይቶ ራሱን ችሏል፤ ማኅበር በበዛ ቁጥር ሒሳብ አዋቂ ይፈለጋል። መፈልፈያው አሁን ክረምት ስለሆነ ዝግ ነው፤ እሱን ኅዳር ላይ እኔ ራሴ እወስድሻለሁ። ለሁሉም የምትጠይቂው አንድ ዓይነት ይሁን። በሥራሽ የሚያሰለችሽ ምንድን ነው? ደመወዝ ሲዘገይ ምን ታደርጊያለሽ? እንደ አዲስ ብትጀምሪ ይህንኑ ትመርጫለሽ? ስለ ክብሩ አትጠይቂ፤ እሱን ሳትጠይቂም ይነግሩሻል።

ልጅት፦ ምርጫው ግን መስከረም ነው። ኅዳርን አይጠብቅም።

እትዬ፦ እውነትሽን ነው። ሒሳብሽ እንዴት ነው?

ልጅት፦ ሒሳብና ባዮሎጂ ደህና ነኝ። ፊዚክስ ይከብደኛል።

እትዬ፦ እንግዲያው እኔ ብሆን ተፈጥሮ ሳይንስ እገባ ነበር። ከዚያ ሕክምናውም፣ ግብርናውም፣ የምግብ ሳይንሱም ክፍት ነው፤ የታሪክ መጽሐፍ ማንበብ ደግሞ ማንም አይከለክልሽም። ከማኅበራዊ ሳይንስ ወደ ሕክምና መመለስ ግን አይቻልም። ታሪኩ ከሁሉ በላይ ከሆነብሽ ደግሞ ሌላ ነው፤ ያንን የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ። ፊዚክሱን ክረምቱን ሥሪው፤ ያ ቀያሹ ልጅ ማታ ማታ ያስረዳሽ፤ እኔ እነግረዋለሁ።

ልጅት፦ አባቴን ምን ልበለው?

እትዬ፦ «አልፈልግም» ብለሽ አትጀምሪ። ያየሽውንና የሰማሽውን ንገሪው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እንዲህ ትውላለች፣ ቀማሿ እንዲህ ትሠራለች፣ ትምህርቱ ይህን ያህል ዓመት ይወስዳል፣ ካልተሳካ ደግሞ ይህን አስቤያለሁ በይው። ሁለተኛ ሐሳብ እንዳለሽ ሲሰማ ልቡ ይረጋል፤ ስለ ገንዘቡ ነው የሚፈራው። የለቀማውም ነገር አለ። ኅዳር ላይ ከትምህርት እንዳትቀሪ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ለመልቀም ቃል ግቢለት። እንቢ ካለ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እኔ ቡና ልጠጣ እመጣለሁ።

ልጅት፦ የክትባቱ ቀን መቼ ነው?

እትዬ፦ ማክሰኞ። በጠዋት ሂጂ፤ እስክትዘጋ ድረስ አትምጪ።