ተራራ ወይስ ኬብል? በይምርሐነ ክርስቶስ አካባቢ ለሚጠፉ የሳተላይት ቻናሎች የምርመራ ቅደም ተከተል
እንደ ይምርሐነ ክርስቶስ ባለ ተራራማ አካባቢ ቻናል ሲጠፋ ተራራውን መጠርጠር የተለመደ ነው። ስሌቱ ግን ልዩነት ያሳያል። ኢትዮሳት የሚሠራጭበት የ57 ዲግሪ ምሥራቅ ሳተላይት ከዚህ ቦታ በደቡብ ምሥራቅ፣ ከአድማስ 65 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ናይልሳት በምዕራብ በኩል 36 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ሸንተረር ናይልሳትን ሊጋርድ ቢችልም ኢትዮሳትን የመጋረድ ዕድሉ አነስተኛ ነው።

ሁሉም ቻናሎች ከጠፉ በቅድሚያ የዲሹ አቅጣጫና ኬብሉ ይፈተሻሉ። ከፊሎቹ ብቻ ከጠፉ የጋራ ባሕርያቸው ይመረመራል። አንድ ፍሪኩዌንሲ የሚጋሩ ከሆነ አዲስ ፍለጋ ይካሄዳል። ሁሉም በአግድም ፖላራይዜሽን የሚተላለፉ ከሆነ ደግሞ፣ ሪሲቨሩ የሚልከው 18 ቮልት በተጎዳ ኬብል ቀንሶ ኤልኤንቢው በ13 ቮልት የሚሠራውን ቋሚ ፖላራይዜሽን ብቻ እየተቀበለ ሊሆን ይችላል። ይህ ልየታ ነዋሪውን ያለአግባብ አዲስ ሪሲቨር ከመግዛት ያድነዋል።