ዐይኑን ኦፕራሲዮን ለተደረገ ሰው በቤት የሚደረግ ጥንቃቄ

እናቶች ሆይ፤ በእንጅባራና በዳንግላ አካባቢ ሰው ዐይኑን ኦፕራሲዮን ከሚደረግባቸው ምክንያቶች ዋናዎቹ 2 ናቸው። አንደኛው የዐይን ሞራ ነው። በ1998 ዓ.ም. በመላ ኢትዮጵያ በተደረገው ጥናት ከዐይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ ሞራ ያመጣው ሆኖ ተገኝቷል። ሁለተኛው ትራኮማ የሚያመጣው የሽፋሽፍት መቀልበስ ነው። በሽተኛው ወደ ቤት ሲመለስ የሚጠብቀው ቤተ ሰቡ ነውና፥ የሚያልፈውን ሕመም ዐይን ከሚያጠፋው ለይተን እንወቅ።

1ኛ/ የሚያልፈው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥቂት መቆርቆር፣ ዕንባና መቅላት ይኖራል። ከቀን ወደ ቀን ከቀነሰ ደኅና ነው።

2ኛ/ አደገኛው። ሕመሙ ከባሰ፣ ዐይኑ ይበልጥ ከቀላ፣ ቆቡ ካበጠ፣ መግል ከያዘ ወይም ማየቱ ከደበዘዘ ጀርም ገብቶ ይሆናል። ሞራ ለወጣለት ሰው ይህ በተለይ በመጀመሪያው ሳምንት ያሠጋል፤ በጥቂት ቀን ዐይኑን ሊያጠፋው ይችላል።

3ኛ/ የጧት ምርመራ። ሐኪሙ ሻሹን ካነሣ በኋላ በሽተኛውን በየጧቱ ደጃፍ ላይ በአንድ ቦታ አስቀምጡት። ደኅናውን ዐይን ሳትጫኑ በመዳፍ ሸፍኑ። 3 ርምጃ ርቃችሁ ጣት አሳዩና «ስንት ነው?» በሉት። ሁለቱም ዐይን ከተከፈተ ደኅናው ለታመመው ስለሚያይለት ጉዳቱ አይታወቅም። ትናንት የቆጠረውን ዛሬ ካልቆጠረ አደጋ አለ ማለት ነው።

ያን ጊዜ የገበያ ቀን አትጠብቁ፤ «ነገ ይሻለዋል» አትበሉ። በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። የዐይን ሐኪም የሚያስፈልገው ከሆነ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የዐይን ሕክምና አለ። የቅጠል ጭማቂ፣ ቅቤም ሆነ የጡት ወተት ዐይኑ ላይ አታድርጉ።

4ኛ/ በየቀኑ። መድኃኒት ከማድረጋችሁ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። በሽተኛው ዐይኑን አይሽ፤ ከጢስ ይራቅ፤ እንስራ አይሸከም። የፊት መጥረጊያው ለብቻው ይሁን።

5ኛ/ ከወራት በኋላ። ቆቡ የተሠራለት ሰው ጸጉሩ እንደገና ሊቀለበስ ይችላል። በወረንጦ እየነቀሉ ዝም ማለት አይገባም፤ የሚበቅለው ጸጉር ብሌኑን እየፋቀ ያጠፋዋልና ይታይ። ሞራ የወጣለት ሰው ደግሞ ቀስ በቀስ ቢደበዝዝበት «ሞራው ተመለሰ» ብሎ ተስፋ አይቁረጥ። ሞራ አይመለስም፤ ከሌንሱ ጀርባ ያለው ስስ ሽፋን ሲደበዝዝ ነው፤ እሱም በጨረር ይታከማል።

ጥያቄ፦ ደኅናውን ዐይን የምንሸፍነው ለምንድን ነው? መልሱን ለጎረቤታችሁም አስረዱ።