አእምሮ ሲታመም እግርንና ሳንባን አንርሳ



አንድ ባል ለባለቤታቸው የወሊድ መከላከያ ክኒን ሊወስዱ ብቻቸውን ወደ ክሊኒካችን መጡ። «የአእምሮ ሕመም ይዟት ከአልጋ አትነሣም፤ አታናግርምም። መድኃኒት ጀምራለች» አሉኝ። ስለ እግሯ ስጠይቃቸው ገርሟቸው፣ «የግራ ባቷ አብጧል፤ ከመተኛት ብዛት መስሎን ነበር» አሉ። ክኒኑን አልሰጠኋቸውም፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል እንዲወስዷት ለመንኳቸው። እግሯ ውስጥ ደም ረግቶ ተገኘ።

አእምሮንና እግርን ምን አገናኛቸው? ስንራመድ የባት ጡንቻ ደምን ወደ ልብ ይገፋል። ሰው በሐዘን ተውጦ ለሳምንታት ሲተኛ፣ ውኃ ሳይጠጣ ሲቀር ወይም «አስቸገረ» ተብሎ ሲታሰር ደሙ ይዘገይና ሊረጋ ይችላል። የረጋው ደም ተነቅሎ በልብ በኩል ካለፈ የሳንባን ደም ሥር ይዘጋል። ይህ ድንገት ይገድላል። ክሎርፕሮማዚን፣ ኦላንዛፒንና ክሎዛፒንን የመሳሰሉ መድኃኒቶችም የመርጋቱን ዕድል ከፍ ያደርጋሉ። ይህን አንብባችሁ ግን መድኃኒት እንዳታቋርጡ! ሕመሙ ያገረሻል።

ኤስትሮጅን ያለበት የተለመደው ክኒን በበኩሉ የመርጋትን ዕድል ይጨምራል። ስለዚህ ክኒን ስትጠይቁን የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ንገሩን። ብዙዎች የጨጓራውን ነግረውን የአእምሮውን ይደብቃሉ፤ እኛ ዘንድ ግን የሚያሳፍር ሕመም የለም። ሉፕና ኮንዶም ደም አያረጉም።

በተለይ አራስ ትታሰብ። ከወሊድ በኋላ ያሉት 6 ሳምንታት ደም የሚረጋባቸው ናቸው። ከ1000 እናቶች 1 ወይም 2 የሚይዘው ከባድ የአራስ የአእምሮ ሕመምም የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ነው። ገንፎውም አጥሚቱም ይቅረብላት፤ ነገር ግን ተነሥታ በቤት ውስጥ ትራመድ።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ምልክቱ ከጭንቀት ጋር መመሳሰሉ ነው። ትንፋሽ ያጥራል፣ ልብ ይመታል፣ ሰውየው «መሞቴ ነው» ይላል። ቤተሰብ፣ አንዳንዴ እኛም ባለሙያዎቹ፣ «ያው የለመደባት ነው» እንላለን። ጭንቀት ያለባት ሴት ሳንባዋ አይታመምም ያለው ማን ነው? ትንፋሽ በድንገት ካጠረ፣ አየር ሲሳብ ደረት ከወጋ፣ ደም የቀላቀለ ሳል ወይም ራስን መሳት ካለ ሳትውሉ ሳታድሩ ሆስፒታል ሂዱ። የአእምሮ መድኃኒቱንም ይዛችሁ አሳዩ። አንድ እግር ብቻ አብጦ ከሞቀና ካመመ ደግሞ በቅቤ አትሹት፤ ወጌሻም አይንካው፤ የረጋው ደም ሊነቀል ይችላልና።