ኤሌክትሮኑ ከማን መጣ?
ዛሬ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ በኤሌክትሮድ እንዴት እንደሚለካ እናያለን።

ግሉኮስ ኦክሲዴዝ የተባለው ኢንዛይም ስኳርን ከኦክስጅን ጋር ሲያገናኝ ፐርኦክሳይድ ይወጣል፤ እሱን የለካ ስኳሩን ለካ ማለት ነው። ፕላቲነም ኤሌክትሮድ ላይ 0.6 ቮልት ገደማ ስንሰጥ እያንዳንዱ የፐርኦክሳይድ ሞለኪውል 2 ኤሌክትሮን ይለቃል። ችግሩ፣ በዚሁ ቮልቴጅ በደም ውስጥ ያለው ቫይታሚን ሲም ኤሌክትሮን ይለቃል። መሣሪያው ሁለቱን አይለይም፤ ስኳሩን አብዝቶ ያነባል። በዚያ ቁጥር ተመርቶ ኢንሱሊን የሚወጋ ታማሚ ይጎዳል።

አንዱ መፍትሔ ካርቦን ኤሌክትሮድን በፕሩሺያን ብሉ ናኖ ቅንጣቶች መቀባት ነው። ይህ ሰማያዊ የብረት ውህድ ለፐርኦክሳይድ ኤሌክትሮን የሚሰጠው በ0 ቮልት አካባቢ ነው፤ እዚያ ላይ ቫይታሚን ሲ ብዙም አይረብሽም። ቅንጣቱ ባነሰ ቁጥር ደግሞ ለተመሳሳይ ክብደት የሚሠራው ገጽ ይሰፋል። ድክመቱ፣ አልካላይን በሆነ ፈሳሽ ውስጥ ይፈርሳል።

እንግዲህ ላብራቶሪ ስንገባ «ከረንቱ ስንት ነው?» ከማለታችን በፊት «ከማን መጣ?» እንበል።