የበዓል ዶሮ ወጥ እንዴት ይታቀዳል? እንዴትስ ይሠራል?

በዚህ እትም በትምህርታዊ ዓምዳችን የማቀርብላችሁ ስለ ዶሮ ወጥ ነው። ርዕሱን ለክበቡ ስናገር ወንዶቹ ሳቁብኝ። «አንተ ደግሞ ጓዳ ምን አገባህ?» አሉኝ። ያገባኝ እንዲህ ነው።

ባለፈው ፋሲካ እማዬ አራስ ነበረች። ትንሿ እህታችን ከተወለደች ገና 3 ሳምንቷ ነው። አያቴ ሐሙስ ከገጠር መጥታ ወጡን ትሠራለች ተብሎ ነበር፤ ግን መኪና አጥታ ቅዳሜ ማታ ደረሰች። እንግዶቹ ደግሞ ቀድመው ተጠርተዋል። ስለዚህ እማዬ አልጋ ላይ ሆና እየተናገረች፣ እኔና አባዬ ሠራነው። የ10 ዓመቷ እህቴም ረድታናለች (ይሄ እንዲጻፍ ብላኛለች)።

ዶሮ ወጥ የሚጀምረው ከድስት ሳይሆን ከወረቀት ነው። መጀመሪያ ሰው ይቆጠራል። የእኛ ሰው 16 ሆነ። ከነዚህ ውስጥ 4ቱ ጓደኛዬና ቤተሰቦቹ ናቸው፤ ሙስሊም ስለሆኑ እኛ ያረድነውን አይበሉም። የቀረነው 12 ነን። ዶሮ ደግሞ 12 ብልት አለው፦ ፈረሰኛ፣ ፍርምባ፣ ሁለት መላላጫ፣ ሁለት ታፋ፣ ሁለት ቅልጥም፣ ሁለት ክንፍ፣ አንገትና ጀርባ። አቆጣጠሩና ስሙ ከቤት ቤት ትንሽ ይለያያል፤ ይሄ የእኛ ቤት ነው። እኔም 12 ለ12 ሲካፈል 1 ነው፣ አንድ ዶሮ ይበቃናል አልኩ። እማዬ እስኪያማት ሳቀች። «ለእንግዳ አንገት ልታወጣ ነው? ሰኞስ ሳይጠራ የሚመጣው ሰው ምን ይበላል?» አለችኝ። ስለዚህ ለእኛ ሁለት ዶሮ፣ ለጓደኛዬ ቤተሰብ ደግሞ አንድ፣ በጠቅላላው ሦስት ሆነ። የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ላይ ይሄን ዓይነት ጥያቄ አልገጠመኝም።

የእማዬ ልክ ለአንድ የሐበሻ ዶሮ ይሄ ነው፦ 2 ኪሎ ተኩል ቀይ ሽንኩርት፣ አንድ ብርጭቆ ተኩል ገደማ በርበሬ፣ ሩብ ኪሎ የተነጠረ ቅቤ፣ 2 ራስ ነጭ ሽንኩርት፣ የአውራ ጣት የምታህል ዝንጅብል፣ ትንሽ ዘይት፣ መጨረሻ ላይ የምትነሰነስ መከለሻና ጨው። ለሦስት ዶሮ ሽንኩርቱ 7 ኪሎ ተኩል መጣ። እንቁላል ለሰው አንድ አንድ ነው። ዋጋውን አልጽፍላችሁም፣ መጽሔቱ ተነቦ ሳያልቅ ይቀየራል። ሽንኩርቱን ግን የበዓሉ ሳምንት ሳይገባ ግዙ። ዶሮዎቹን ረቡዕ ነው የገዛነው፤ ዓርብ ስቅለት ስለሆነ ሰው ሁሉ ስግደት ላይ ነው፣ ቅዳሜ ደግሞ ገበያው አያስገባም።

ቀጥሎ ሰዓት ይቆጠራል፣ ያውም ወደ ኋላ። ፋሲካ የሚገደፈው ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ነው። ሰው ቤተ ክርስቲያን ከመሄዱ በፊት፣ ማታ 3 ሰዓት ላይ ወጡ መውረድ አለበት። የሐበሻ ዶሮ ቶሎ አይበስልም፣ 2 ሰዓት ስጡት፤ ስለዚህ ዶሮው 1 ሰዓት ላይ ይገባል። በርበሬውና ቅቤው 2 ሰዓት ይፈልጋሉ፤ 11 ሰዓት ላይ ይገባሉ። ሽንኩርቱ 3 ሰዓት ይቁላላል፤ 8 ሰዓት ላይ ይጣዳል። መላጡና መክተፉ 2 ሰዓት ይፈጃል። እንግዲህ ቅዳሜ ቀን 6 ሰዓት ላይ ቢላዋ መያዝ አለብን ማለት ነው። ይሄን ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት፤ በጣም ኮርቼ ነበር።

ቅዳሜ አባዬ ሁለቱን ዶሮዎች አረደ። ሦስተኛዋን የጓደኛዬ አባት ቤታቸው አርደው፣ እናቱ አጽድተው ላኩልን። ድስትና ማማሰያም ከእነሱ ቤት አመጣን። ሁለቱ ማማሰያዎች ስለሚመሳሰሉ እህቴ በእነሱ ላይ ነጭ ክር አሰረችበት። አንዴ ልሳሳት ስል እጄን ይዛ አስቁማኛለች።

ላባው የሚለቀው የፈላ ውሃ ሲፈስበት ነው፤ ከዚያ በእሳት ይለበለብና ቆዳው ይገፈፋል። ሆድ ዕቃው ሲወጣ ሐሞቱ እንዳይፈርጥ ተጠንቀቁ፣ ከፈረጠ ሥጋው ይመራል። ከተበለተ በኋላ በሎሚና በጨው እየታሸ፣ ውሃው ኩልል እስኪል ደጋግሞ ይታጠባል። ስንት ጊዜ እንዳጠብኩት አላስታውስም። እማዬ ውሃውን ካላየች አታምንም ነበር።

አሁን ወደ ሽንኩርቱ እንምጣ፤ የዶሮ ወጥ ነገሩ ያለው እዚህ ነው። ልጣችሁ ውሃ ውስጥ ብታቆዩት ዓይን ማቃጠሉ ይቀንሳል። በደንብ ደቆ ይከተፋል። ዘይት ሳይገባበት በደረቁ ይጣዳል፤ መጀመሪያ ራሱ ውሃ ያወጣል፣ ውሃው ሲመጥ ይለሰልሳል፣ ከዚያ መልኩ ወደ ቡናማ ይሄዳል። እንዳይዝ ሁልጊዜ ይማሰላል። ዘይትና በርበሬ የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው፤ እየደረቀ ሲሄድ ጠብ ጠብ እያደረጉ ውሃ መስጠት ነው። ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉና ቅቤው ይከተላሉ።

እኔ የተሳሳትኩትም እዚሁ ላይ ነው። 9 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ከሰል ቤት ውስጥ አልነበረም። ተፈልጎ፣ ተገዝቶ፣ እስኪቀጣጠል አንድ ሰዓት ሄደ። ወረቀቴ ግን «11 ሰዓት፣ በርበሬ» ይላል። እኔም በርበሬውን 11 ሰዓት ላይ ጨመርኩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የፋሲካ ወጥ የሚሠራው በጾም ስለሆነ የሚሠራው ሰው አይቀምሰውም። 55 ቀን ተጹሞ በመጨረሻዋ ማታ ማን ይቀምሳል? አባዬማ አክፍሎት ይዞ ስለነበር ውሃ እንኳን አልጠጣም። ጨው በግምት ነው፣ መብሰሉ በሽታው ነው የሚታወቀው። አምና ግን ዕድለኞች ነበርን፤ አራስ አትጾምም። 1 ሰዓት ላይ ዶሮውን ልጨምር ስል እማዬ «ቆይ፣ ቁሌቱን በማንኪያ አምጣልኝ» አለች። ቀመሰችና ዝም አለች። ከዚያ «ስኳር ስኳር ይላል። ሽንኩርቱ መቼ በሰለ?» አለችኝ።

አልቅሼ ነበር፤ የሽንኩርቱ ነው ብዬ አለፍኩት። እማዬ ግን አልተቆጣችም። «ዶሮው ስላልገባ ምንም አይደል፣ መልሰህ ጣደው» አለች። ዶሮው ገብቶ ቢሆን ሽንኩርቱ እስኪበስል ሥጋው ይፈራርስ ነበር። እሳቱን ቀንሼ፣ ትንሽ ትንሽ ውሃ እየሰጠሁ ሌላ አንድ ሰዓት ተኩል አማሰልኩ። ቀስ እያለ ጠቆር አለ፣ ቅቤው ከላይ ወጣ። እማዬ ሁለተኛ ቀምሳ «አሁን ዶሮህን ጨምር» አለች። ቁሌቱን ለሁለት ድስት ከፍለን፣ የእኛን ዶሮ በአንዱ፣ የእነሱን በሌላው ጨመርን። እንቁላሉ ተቀቅሎ፣ ተልጦና ወጡ እንዲገባበት ጫር ጫር ተደርጎ መከለሻው ሲነሰነስ ይገባል። ወጡ የወረደው 3 ሰዓት ላይ ሳይሆን 4 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። አባዬ ቤተ ክርስቲያን ዘግይቶ ሄደ። ስለዚህ እናንተ ስታቅዱ አንድ ትርፍ ሰዓት ጨምሩበት፣ ከሰልም ከመብራት በፊት ግዙ።

ይሄን ለአሜሪካዋ አክስቴ በስልክ ስነግራት እሷም ሳቀች። እዚያ በፈረንጆች ኖቬምበር ወር አራተኛው ሐሙስ ላይ የምስጋና ቀን የሚባል በዓል አለ፤ ተርኪ የሚባል እንደ ዶሮ ያለ ግን በጣም ትልቅ ወፍ ሙሉውን ምድጃ ውስጥ ይጠበሳል። ብዙውን ጊዜ የሚሸጠው በረዶ ሆኖ ነው። ፍሪጅ ውስጥ ለመቅለጥ ለየ2 ኪሎው አንድ ቀን ገደማ ስለሚፈልግ፣ 7 ኪሎው ከእሑድ ጀምሮ መውጣት አለበት። አክስቴ መጀመሪያ ዓመት ረቡዕ ማታ አውጥታው ላዩ ተጠብሶ ውስጡ በረዶ ሆኖ ተገኘ። እነሱ መብሰሉን በቴርሞሜትር ነው የሚያዩት፣ የሥጋው ውስጥ 74 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲደርስ ነው። እኛ ቤት ቴርሞሜትሩ እማዬ ነበረች።

እንግዶቹ እሑድ ቀን መጡ። አያቴ ወጡን ቀምሳ ማን እንደሠራው ጠየቀች፤ አባዬ ወደ እኔ ጠቆመ፣ እሷ ግን ወደ እማዬ አልጋ አየች። የጓደኛዬ ቤተሰቦች በራሳቸው ድስት፣ አንድ ገበታ ላይ ከእኛ ጋር በሉ። ሰኞ እማዬ እንዳለችው ያልተጠሩ 5 ሰዎች መጡ፣ ወጡም በቃ። የተረፈው በየጠዋቱና በየማታው እስኪንተከተክ ይሞቃል፤ ፍሪጅ ለሌለው ቤት ይሄ ግዴታ ነው። ማንኪያውም ንጹሕና ደረቅ ይሁን።

ፈረሰኛው ለአባዬ ደረሰው። አንዱን አንገት የበላሁት እኔ ነኝ።