በሐሰት የተከሰሰ ሰው እንዴት ይጽና?

ጠያቂ፦ የኔታ፣ ይባርኩኝ። የመጣሁት ልሰናበትዎ ነው። የሰንበት ትምህርት ቤቱን አገልግሎት ልተው ወስኛለሁ።

የኔታ፦ እግዚአብሔር ይባርክሽ፤ እስቲ ተቀመጪ። ምን አገኘሽ ልጄ?

ጠያቂ፦ የመንፈሳዊ ጉዞውን ገንዘብ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። «ጎድሏል» ተብሎ በሰው ሁሉ ፊት ስሜ ተነሣ። ደረሰኙ በሙሉ እጄ ላይ አለ፤ የሚያይልኝ ግን የለም። ወሬውን ያስነሣችው ደግሞ ስንት ዓመት አብራኝ የዘመረች እኅቴ ናት። ብናገር ጠብ ይሆናል፣ ዝም ብል ሌባ እባላለሁ። የነገርኩት ሁሉ «ታገሺ» ይለኛል። መታገሥ ማለት ዝም ማለት ነው?

የኔታ፦ አይደለም። ትዕግሥትን ከዝምታ ጋር አንድ ያደረጉ ሰዎች ብዙ ተበዳይ አስለቅሰዋል። ግንቦት 7 ቀን የምናከብረውን አባት አስቢ። በስሙ የተጠራውን ቅዳሴ እንቀድሳለን፤ በሕይወት ሳለ ግን የእርሱን ያህል የተከሰሰ ጳጳስ ማግኘት ይቸግራል።

ጠያቂ፦ ቅዱስ አትናቴዎስን ነው? እኔ የማውቀው በኒቅያ አርዮስን መርታቱን ነው።

የኔታ፦ በኒቅያ ጊዜ፣ በ325 እ.ኤ.አ.፣ ገና ዲያቆን ነበር፤ ሊቀ ጳጳሱን እለእስክንድሮስን ተከትሎ ነው የሄደው። መከራው የመጣው ከጉባኤው በኋላ፣ በ328 በእስክንድርያ በማርቆስ መንበር ከተቀመጠ ወዲህ ነው። አርሳንዮስ የሚባል ጳጳስ አስገድሏል፣ እጁንም ቆርጦ ለአስማት ተጠቅሞበታል ብለው ከሰሱት። የተቆረጠ እጅ ሳይቀር ለማስረጃ ይዘው ዞሩ። አርሳንዮስ ግን ከተደበቀበት ተገኘ፤ በሕይወት አለ፣ ሁለት እጆቹም ደኅና ናቸው።

ጠያቂ፦ እንግዲያው እውነቱ ወጣ!

የኔታ፦ ወጣ። ተፈረደበትም።

ጠያቂ፦ እንዴት ሆኖ?

የኔታ፦ በ335 በጢሮስ የተሰበሰበው ጉባኤ ሌላ ክስ አንሥቶ ከመንበሩ ሻረው። ለይግባኝ ወደ ንጉሥ ቆስጠንጢኖስ ቢሄድ፣ «ከእስክንድርያ ወደ ቁስጥንጥንያ የሚጫነውን እህል ላስቀር ብሎ ዝቷል» ብለው ቀደሙት። ንጉሡም ዛሬ ጀርመን ውስጥ ወዳለችው ወደ ትሪየር ሰደደው። ይህ የመጀመሪያው ስደት ነው። በጠቅላላው አምስት ጊዜ ተሰዷል፤ በጵጵስና ከኖረባቸው 45 ዓመታት 17 ያህሉን ያሳለፈው ከመንበሩ ርቆ ነው። ይህን የምነግርሽ እውነት በወጣ ማግሥት ሁሉ ነገር ይስተካከላል ብለሽ እንዳትጠብቂ ነው። እንዲህ እየጠበቁ የገቡ ብዙዎች፣ ፍርዱ ሲዘገይ እምነታቸውንም አብረው ጥለዋል።

ጠያቂ፦ እርሱ ታዲያ ምን አደረገ? ዝም አለ?

የኔታ፦ ጻፈ! ደብዳቤዎችን፣ የጉባኤ ውሳኔዎችን፣ የምስክሮችን ቃል እየሰበሰበ ለእያንዳንዱ ክስ መልስ ሰጠ። እርግጥ ነው ስለ ተቃዋሚዎቹ ሲጽፍ ብዕሩ መራራ ነው፤ ያን ቁጣውን ውረሺ አልልሽም። ማስረጃ መያዙን ግን ውረሺ። ሒሳብሽን ማቅረብ ትሕትናን አያጎድልም።

ጠያቂ፦ መሄዱስ? እርሱም ሸሽቷል ይባላል። እኔስ ደብር ብቀይር ምን ነውር አለው?

የኔታ፦ ይህን መለየት ያስፈልጋል። በ356 የካቲት ላይ ሕዝቡ ለሌሊት ጸሎት ተሰብስቦ ሳለ ወታደሮች ቤተ ክርስቲያኑን ከበቡት። አትናቴዎስ በመንበሩ ተቀምጦ ዲያቆኑን መዝሙር እንዲያነብ፣ ሕዝቡንም በየሐረጉ ስለ እግዚአብሔር ምሕረት እንዲመልስ፣ ከዚያም ወደየቤቱ እንዲሄድ አዘዘ። «አንተ ቅደም» ቢሉት ሕዝቡ ሳይወጣ አልወጣም አለ። በመጨረሻ መነኮሳቱና ካህናቱ ጎትተው አወጡት። ከዚያ ስድስት ዓመት ያህል በግብፅ በረሃ መነኮሳቱ ሲሸሽጉት ኖረ። የሸሸው ሰይፍን ነው፤ አገልግሎቱን አልሸሸም። የእንጦንስን ገድል የጻፈውም በዚያው በስደቱ ዘመን ነው ይባላል። አንቺን የሚያሳድድሽ ሰይፍ የለም ልጄ፤ የተጎዳው ልብሽ ነው። ልብሽን ደግሞ የትም ደብር ብትሄጂ ይዘሽው ትሄጃለሽ።

ጠያቂ፦ እውነት ነው… ግን እርሱ የተሰደደው ለሃይማኖት ነው። የእኔ የጉዞ ገንዘብ ነው፤ ይመሳሰላል?

የኔታ፦ አይመሳሰልም፤ ደግ አልሽ። ስለ ስማችን የምናደርገውን ክርክር ሁሉ ስለ እምነት እንደ ተደረገ ተጋድሎ መቁጠር ትልቅ ስሕተት ነው። የእርሱ ጽናት እኛ ድረስ የደረሰ ነው። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ለአክሱም ጳጳስ አድርጎ የሾመው እርሱ ነው። የቆስጠንጢኖስ ልጅ ንጉሥ ቆንስታንቲዮስ ለአክሱም ነገሥታት ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጽፎ፣ አባ ሰላማን ወደ እስክንድርያ መልሱት፤ በአትናቴዎስ ፋንታ የተሾመው ጊዮርጊስ ይመርምረው አለ። ያ ደብዳቤ ዛሬ የሚታወቀው አትናቴዎስ በመከላከያ ጽሑፉ ውስጥ ስላስገባው ነው። ቤተ ክርስቲያናችንም በአትናቴዎስ ሃይማኖት ጸናች። በሃይማኖት ነገር አንዲት ስንዝር አላፈገፈገም። ከሰው ጋር ሲታረቅ ግን እጁ ሰፊ ነበር።

ጠያቂ፦ ከእነዚያ ከከሳሾቹ ጋር ታርቋል?

የኔታ፦ ያ አርሳንዮስ በኋላ የዕርቅ ደብዳቤ ጽፎለታል። በ362 ከበረሃ ሲመለስም በእስክንድርያ ጉባኤ ጠራ። በቆንስታንቲዮስ ዘመን ተገደው የአርዮሳውያንን ጽሑፍ የፈረሙ ጳጳሳት ነበሩ። አንዳንዶች ይባረሩ ይሉ ነበር። ጉባኤው ግን የኒቅያን ሃይማኖት እስከ ተቀበሉ ድረስ ከነማዕረጋቸው ይመለሱ ብሎ ወሰነ። ስድስት ዓመት በበረሃ የተሸሸገ ሰው፣ ቤቱ ተቀምጦ ለፈረመ ሰው በር ከፈተ። እኔ ከስደቱ ሁሉ ይልቅ የሚደንቀኝ ይህ ነው።

ጠያቂ፦ እኔ እኮ እርሷን ሳያት ሰላም ማለት እንኳ ያቅተኛል።

የኔታ፦ ያቅታል። «አያቅትሽም» ብልሽ እዋሻለሁ። ስለዚህ እስኪቀልልሽ አትጠብቂ። ዛሬ ወደ እርሷ ሂጂ፤ ብቻሽን። ምን እንደ ሰማችና ከማን እንደ ሰማች ጠይቂያት። ልትረቻት ሳይሆን እኅትሽን ልትመልሺ ሂጂ።

ጠያቂ፦ ይቅርታ ጠይቃኝ ብትመለስበትስ?

የኔታ፦ በአትናቴዎስም ደርሷል። ኡርሳክዮስና ዋለንስ የሚባሉ ሁለት ከሳሾቹ በ347 ገደማ ክሱ ሐሰት እንደ ነበር በጽሑፍ አመኑ። ቆንስታንቲዮስ ሲበረታ ግን ቃላቸውን አጠፉ። እርሱም በከሳሾቹ ቃል ሳይመካ መንገዱን ቀጠለ። የእርሷን ልብ አንቺ አትይዢውም፤ የአንቺን ጠብቂ።

ጠያቂ፦ ጭራሽ ባትሰማኝስ?

የኔታ፦ ያን ጊዜ እኔና አንድ ሽማግሌ አብረንሽ እንሄዳለን። እንቢ ካለች ለሰበካ ጉባኤው ይቀርብና ሒሳቡ በኦዲተር ይመረመራል። ጌታ በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 18 ያስተማረው ቅደም ተከተል ይኸው ነው፤ እኛ ግን ሁልጊዜ ከመጨረሻው እንጀምራለን። አሁን ተነሺ። ነገ ከሠርክ ጸሎት በኋላ ደረሰኞቹን አንድም ሳታስቀሪ ይዘሽልኝ ነይ፤ የመልቀቂያ ደብዳቤሽን ግን እዚሁ ተዪልኝ።